የሁለት ፎቅ ርቀት

የሕዝብ መጸዳጃ ቤት ንድፍና የትራንስጀንደር ሴቶች መተማመን



ስለ መጸዳጃ ቤት በአደባባይ መናገር ባገራችን ባህል ከነውር የሚቆጠር ነው። ሽማግሌ ሲያነሣው «ከይቅርታ ጋር» ብሎ ይጀምራል፤ ጨዋ ሰውም «ወደ ውጭ ልውጣ» እያለ በዘወርዋራ ይናገራል። መሐንዲስ ግን ይህን ይሉኝታ ይዞ ሥራውን ሊፈጽም አይችልም። የውኃውን መስመር፣ የፍሳሹን ቁልቁለት፣ የአየሩን መውጫ፣ የበሩን ስፋትና የመቀመጫውን ቍጥር በወረቀት ላይ የሚያሰፍረው እርሱ በመሆኑ፣ ወደዚያ ክፍል የሚገባ ሰው ምን እንደሚያሠጋውና ምን እንደሚያሳርፈው ማወቅም የሙያው ግዴታ ነው። ውኃው ሳይቋረጥ፣ ፍሳሹም ሳይታፈን፣ ሰው ግን ፈርቶ የማይገባበት መጸዳጃ ቤት ሥራው ተጠናቋል ለማለት አይቻልም።

የዚህ ንግግር ዓላማ በአንድ ወገን ሰዎች ላይ የሚደርሰውን ችግር መነሻ በማድረግ፣ መተማመን የሚባለው ነገር በሕንፃ ውስጥ እንዴት እንደሚገነባና እንዴት እንደሚፈርስ ማመልከት ነው። ሰዎቹም ሲወለዱ በመዝገብ «ወንድ» ተብለው የተጻፉ፣ በኑሯቸው ግን ሴት ሆነው የሚኖሩ፣ በውጭው ዓለም ትራንስጀንደር ሴቶች የሚባሉት ናቸው። በጉዳዩ ላይ የየአገሩ ሕግ፣ የየሃይማኖቱ ትምህርትና የየሰዉ አስተያየት ይለያያል። ይሁን እንጂ የሰው ፊኛ የክርክሩን መጨረሻ አይጠብቅም። ክርክሩ እየቀጠለ ሳለም ሰው በየዕለቱ ወደ ሥራ ይሄዳል፣ በባቡር ይጓዛል፣ ገበያ ይወጣል፤ በመካከሉም መጸዳጃ ቤት ያስፈልገዋል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸው ይታወቅ።

፩. የፍርሃት ዋጋ

በ2015 በአሜሪካ የተባበሩት መንግሥታት ለትራንስጀንደር ሰዎች በቀረበ ሰፊ መጠይቅ 27,715 ሰዎች መልስ ሰጥተው ነበር። ከነዚህ ውስጥ 59 ከመቶ የሚሆኑት ባለፈው አንድ ዓመት ውስጥ ችግር ይደርስብናል ብለው በመፍራት ከሕዝብ መጸዳጃ ቤት መራቃቸውን ገለጡ። 32 ከመቶ የሚሆኑት መጸዳጃ ቤት ላለመግባት ሲሉ የሚበሉትንና የሚጠጡትን ቀንሰው ነበር። 8 ከመቶ የሚሆኑት ከመጸዳጃ ቤት በመራቃቸው ምክንያት የሽንት ቧንቧ ወይም የኩላሊት ሕመም እንዳገኛቸው ተናገሩ። 12 ከመቶ የሚሆኑት ደግሞ በመጸዳጃ ቤት ውስጥ ዘለፋ ደርሶባቸዋል።

ይህ መጠይቅ በፈቃዳቸው መልስ የሰጡትን ብቻ የሚመለከት ከመሆኑም በላይ እነዚህ ቍጥሮች ሴቶቹን ለብቻ የሚለዩ አይደሉም። ቢሆንም ቅሉ ከቍጥሮቹ አንድ ነገር መረዳት ይቻላል። ዘለፋ የደረሰባቸው ከመቶ 12 ሲሆኑ፣ የራቁት ግን ከመቶ 59 ናቸው። የራቁት ሰዎች በመራቃቸው ከዘለፋ ድነው ሊሆን ይችላል፤ ሆኖም የሚበዛውን ሰው ከበሩ የመለሰው የደረሰበት ነገር ሳይሆን ይደርስብኛል ብሎ የሚጠብቀው ነገር መሆኑ ግልጽ ነው። ፍርሃት በሚዛን ባይለካም እንደ ማናቸውም ጭነት በአካል ላይ ያርፋል፤ በመጨረሻም በኩላሊት ሐኪም ዘንድ ይገለጣል።

፪. የቶኪዮው ጉዳይ

ነገሩን ከሁሉ ይልቅ ግልጽ የሚያደርገው በጃፓን ዋና ከተማ በቶኪዮ፣ በኢኮኖሚ፣ በንግድና በኢንዱስትሪ ሚኒስቴር የተፈጸመው ጉዳይ ነው። ስሟ ለሕዝብ ያልተገለጠ አንዲት የሚኒስቴሩ ሠራተኛ በ1999 ገደማ ተመርምራ፣ የአካሏ ጾታና በውስጧ የሚሰማት ጾታ የማይጣጣሙ መሆናቸውን ሐኪም አረጋገጠላት። ለዓመታት የሆርሞን ሕክምና ስትከታተል ከቆየች በኋላ በ2009 ነገሩን ለአለቃዋ ገልጣ፣ እንደ ሴት ለብሳ እንድትሠራና በሴቶች መጸዳጃ ቤት እንድትጠቀም ፈቃድ ጠየቀች። በጤንነቷ ምክንያት ቀዶ ሕክምና ለማድረግ ስላልቻለች በቤተሰብ መዝገብ ላይ የሰፈረው ጾታዋ «ወንድ» እንደ ተባለ ቀረ፤ በ2003 የወጣው የጃፓን ሕግ መዝገብን ለማስለወጥ ቀዶ ሕክምናን ይጠይቅ ነበርና።

ጁላይ 14 ቀን 2010 መሥሪያ ቤቱ የክፍሉን ሠራተኞች ሰብስቦ ሁኔታውን አስረዳ። ባለጉዳይዋ ከስብሰባው ከወጣች በኋላ፣ በምትሠራበት ፎቅ ባለው የሴቶች መጸዳጃ ቤት ስለ መጠቀሟ አስተያየት ተጠየቀ። ከሴት ሠራተኞቹ ጥቂቶቹ ቅር የተሰኙ መስሎ ለኃላፊው ታየው፤ በግልጽ የተቃወመች ግን አልነበረችም። አንድ ፎቅ ከፍ ብሎ ስለሚገኘው ሲጠየቅ ደግሞ አንዲት ሠራተኛ በዚያ ዘወትር የምትጠቀም መሆኗን ተናገረች። ከዚህም በኋላ ውሳኔ ተሰጠ። የምትሠራበት ፎቅና ከርሱ ቀጥለው በላይና በታች ያሉት ፎቆች መጸዳጃ ቤቶች ተከለከሉባት፤ ከዚያ ባሻገር ባሉት፣ ማለትም ሁለት ፎቅና ከዚያ በላይ በሚርቁት እንድትጠቀም ተፈቀደላት።

ሁለት ፎቅ በንድፍ ወረቀት ላይ ጥቂት መስመር ነው። ኑሮ ሲሆን ግን ሌላ ነው። አንድ ሰው በቀን አራት ጊዜ ወደ መጸዳጃ ቤት ቢሄድ፣ ለአንዱ ጉዞ ሁለት ፎቅ ለመሄድ ሁለት ፎቅ ለመመለስ ያስፈልገዋል፤ በቀን አሥራ ስድስት ፎቅ ማለት ነው። በዓመት 240 የሥራ ቀን ቢቈጠር 3,840 ፎቅ ይሆናል። ከእግሩ ድካም የሚብሰው ግን ትርጕሙ ነው። የሥራ ጓደኞቿ ሁሉ በስተ ቀኝ ሲታጠፉ እርሷ ወደ ደረጃው ስታመራ፣ እያንዳንዱ ጉዞ በመሥሪያ ቤቱ ፊት የሚነበብ ማስታወቂያ ይሆናል። ገደቡ ሰላም ለማስፈን የታሰበ ቢሆንም፣ ልዩነቱን በየቀኑ አራት ጊዜ የሚያስታውሰው ራሱ ገደቡ ነበር።

በ2013 ይህ ገደብ እንዲነሣላት የመንግሥት ሠራተኞችን ጉዳይ ለሚመለከተው ባለሥልጣን አመለከተች፤ በሜይ 2015 ጥያቄዋ ውድቅ ሆነ። የቶኪዮ የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት በዲሴምበር 2019 ፈረደላት፤ የይግባኙ ፍርድ ቤት በሜይ 2021 ፍርዱን ገለበጠው። በመጨረሻም ጁላይ 11 ቀን 2023 አምስት ዳኞች የተሰየሙበት የጠቅላይ ፍርድ ቤት ችሎት በአንድ ድምፅ፣ ገደቡን ያጸናው የ2015ቱ ውሳኔ ሕገ ወጥ ነው ሲል ወሰነ።

የችሎቱ ምክንያት ለመሐንዲስ ጆሮ የሚስማማ ነው። ሠራተኛዋ ስብሰባው ከተደረገ ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ ራቅ ባሉት ፎቆች በሴቶች መጸዳጃ ቤት ስትጠቀም፣ ከሌሎች ጋር አንድም ግጭት አልተነሣም። ከስብሰባው እስከ 2015ቱ ውሳኔ ድረስም አራት ዓመት ከአሥር ወር ያህል አልፏል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ልዩ ጥንቃቄ የሚያስፈልጋት ሌላ ሠራተኛ ትኖር እንደ ሆነ ዳግመኛ አልተጠየቀም፤ ገደቡ ይሻሻል እንደ ሆነም አልተመረመረም። ሰብሳቢው ዳኛ ዩኪሂኮ ኢማሳኪ ግን ፍርዱ በዚህ የሥራ ቦታ ላይ ብቻ የተወሰነ መሆኑንና ማንነታቸው የማይታወቅ ብዙ ሰዎች የሚጠቀሙባቸውን የሕዝብ መጸዳጃ ቤቶች የማይመለከት መሆኑን በተጨማሪ አስተያየታቸው አሳስበዋል።

ኮንክሪት ሲፈስ ካሳፎርማ ይታሠርለታል፤ ከሥሩም ድጋፍ ይቆማል። ሳይደርቅ ድጋፉን የሚነቅል መሐንዲስ ሕንፃውን ያፈርሳል። ከደረቀ በኋላም ሳያነሣው የሚቀር ሕንፃውን ከጥቅም ውጭ ያደርገዋል፤ በድጋፍ እንጨት በታጨቀ አዳራሽ ሰው አይቀመጥምና። በሚኒስቴሩ በ2010 የተደረገው ጥንቃቄ እንደ ጊዜያዊ ድጋፍ ምክንያት ነበረው ሊባል ይቻል ይሆናል። ጥፋቱ ኮንክሪቱ መድረቁን ወጥቶ የሚያይ ሰው መታጣቱ ነው።

፫. መተማመን ከልማድ ይወለዳል

ከዚህ ጉዳይ ሌላም ትምህርት ይገኛል። በእነዚያ ዓመታት ሠራተኛዋ በሩቆቹ ፎቆች ከማታውቃቸው ሴቶች ጋር በአንድ መስተዋት ፊት እጇን ስትታጠብ ኖራለች። ነገሩን ያረጋጋው ስብሰባው ሳይሆን ይህ ተራ መደጋገም ነው።

ትራንስጀንደር ሴቶች በሕዝብ መጸዳጃ ቤት መጠቀምን የሚለማመዱበት መንገድ በአብዛኛው ተመሳሳይ ነው። አስቀድመው ለአንድ ሰው ብቻ የተሠራ፣ ከውስጥ የሚቈለፍ ክፍል ያለበትን ቡና ቤት ወይም ሆስፒታል ለይተው ያውቃሉ፤ መንገዳቸውንም በዚያ ልክ ይተልማሉ። ቀጥሎ ሰው በማይበዛበት ሰዓት፣ ብዙውን ጊዜም ከአንዲት ሴት ጓደኛ ጋር፣ ወደ ሴቶች መጸዳጃ ቤት ይገባሉ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ዓይናቸውን ከወለሉ ሳያነሡ ገብተው፣ እጃቸውን እንኳ በቅጡ ሳይታጠቡ ይወጣሉ። በኋላ እጅ መታጠብ ይጀምራሉ። ከዚያም በመስተዋቱ ፊት ጸጉራቸውን ያስተካክላሉ። አንድ ቀን ደግሞ የማያውቋት ሴት «ሶፍት አለሽ?» ብላ ትጠይቃለች፤ ይሰጧታል፤ ምንም ነገር አይፈጠርም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው፣ መተማመን የሚገኘው ምንም ነገር ባለመፈጠሩ ብዛት ነው።

ይህን ልማድ የሚያግዝ አንድ የሕንፃ እውነት አለ። በወንዶች መጸዳጃ ቤት ሰው በግልጽ ተሰልፎ ቆሞ ይሸናል፤ በሴቶች በኩል ግን እያንዳንዷ ተጠቃሚ በሯን ዘግታ ለብቻዋ ትሆናለች። የጋራ የሚሆነው መታጠቢያውና መስተዋቱ ብቻ ነው። ስለዚህ የሴቶች መጸዳጃ ቤት በአግባቡ ከተሠራ ማንም የማንንም ገላ የማያይበት ስፍራ ነው።

፬. በሩ፣ መቀርቀሪያውና ድምፁ

«በአግባቡ ከተሠራ» የሚለው ቃል ግን ከባድ ነው። በአሜሪካ የተለመደው የትንንሾቹ ክፍሎች መከፋፈያ ከወለሉ ከፍ ብሎ የሚቆም፣ በበሩና በምሰሶው መካከልም ዓይን የሚያስገባ ስንጥቅ ያለው ነው። ወለሉን ለማጠብና ለመትከል ይቀላል፤ ዋጋውም ዝቅተኛ ነው። የዚህ ቍጠባ ዕዳ የሚከፈለው ግን በተጠቃሚዋ ጭንቀት ነው። ግድግዳው እስከ ወለልና እስከ ጣሪያ ሲደርስ፣ በቂ አየር ማውጫና መብራት ለየክፍሉ ሲሰጠው፣ የትራንስጀንደር ሴቷም የሌሎቹም ሴቶች ሥጋት በአንድ ጊዜ ይቀንሳል።

መቀርቀሪያውም እንዲሁ ነው። ሰው በተዘጋ በር ላይ ሲደርስ «ሰው አለ?» ብሎ መጠየቁ ልማድ ነው። ድምፅዋ ወፍራም የሆነባት ሴት ይህን ጥያቄ ከምንም በላይ ትፈራዋለች፤ ብትመልስ ድምፅዋ ያጋልጣታል፣ ዝም ብትል በሩ ይገፋል። ከውጭ በኩል ቀይና አረንጓዴ ምልክት የሚያሳይ መቀርቀሪያ ግን ስለ እርሷ ይመልሳል። ብዙ ድፍረት ይጠይቅ የነበረውን ነገር አንድ ትንሽ ብረት ይፈጽመዋል።

ዓይናፋርነት የትራንስጀንደር ሴቶች ብቻ አለመሆኑን ለማስረዳት አሁንም ጃፓንን መጥቀስ ይቻላል። በዚያ አገር ብዙ ሴቶች የሽንታቸው ድምፅ እንዳይሰማ ሲሉ ውኃውን ደጋግመው ይለቁ ነበር። ቶቶ የተባለው ኩባንያ በ1988 የውኃ ድምፅ ብቻ የሚያሰማ ኦቶሂሜ የተባለ መሣሪያ ለገበያ አቀረበ፤ መሣሪያውም በሴቶች መጸዳጃ ቤቶች ተስፋፋ። ኩባንያው ሴቶቹን «አትፈሩ» ብሎ አልመከረም፤ ፍርሃቱን እንደ ንድፍ ጥያቄ ተቀብሎ መልስ ሰጠው፤ ውኃም ተቈጠበ።

የተሳሳተ ንድፍ ደግሞ የነበረውን መተማመን ያጠፋል። በኤፕሪል 2023 በቶኪዮ የመዝናኛ ሠፈር የተከፈተው ባለ 48 ፎቁ የካቡኪቾ ታወር በሁለተኛው ፎቅ ላይ መታጠቢያው የጋራ የሆነ፣ ለማንኛውም ጾታ ክፍት የሆኑ ስምንት ክፍሎች ያሉት መጸዳጃ ቤት ሠራ። በዚያው ስፍራ ለሴቶች ብቻ የተለዩት ክፍሎች ሁለት ብቻ ነበሩ። ሴቶች፣ ማታ ማታ ከማያውቋቸው ወንዶች ጋር በአንድ መስተዋት ፊት መቆም እንደሚያሠጋቸው በብርቱ ገለጡ። አስተዳደሩ ጠባቂ ቢያቆምና መከፋፈያ ቢጨምርም ነገሩ አልሰከነም፤ በኦገስት 2023 መጸዳጃ ቤቱ ተለውጦ የወንድና የሴት ተብሎ ተከፈለ። ይህ ውድቀት የሴቶቹ ሥጋት ከንቱ ነው በሚል ሊታለፍ አይገባውም። የትራንስጀንደር ሴቶችም የሚፈልጉት የሴቶች መጸዳጃ ቤት እንዲጠፋ ሳይሆን በሴቶች መጸዳጃ ቤት ውስጥ በሰላም ለመጠቀም ነው። ሴቶች የሚተማመኑበት ስፍራ ሲፈርስ እነርሱም አብረው ያጣሉ።

፭. ርቀትና ሕግ

ርቀት አንድን ሰው «ቦታህ እዚህ አይደለም» ለማለት የሚያገለግል የቆየ መሣሪያ ነው። ለአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት የመጀመሪያዋ ሴት አባል የገባችው በ1917 ነው። ሴት አባሎች በምክር ቤቱ አዳራሽ አጠገብ መጸዳጃ ቤት ያገኙት ግን በ2011 ነው። እስከዚያ ድረስ ወንዶቹ ከአዳራሹ ጥቂት እርምጃ ርቀው ሲመለሱ፣ ሴቶቹ ረጅም መንገድ ይሄዱ ነበር። በኖቬምበር 2024 ደግሞ በግልጽ ትራንስጀንደር መሆኗ የታወቀ የመጀመሪያዋ የምክር ቤት አባል ሣራ ማክብራይድ ከዴላዌር ግዛት ተመረጠች። ገና ሥራ ሳትጀምር፣ በዚያው ወር የምክር ቤቱ አፈ ጉባኤ ማይክ ጆንሰን በካፒቶል ያሉት የሴቶች መጸዳጃ ቤቶች ሲወለዱ ሴት ለነበሩት ብቻ መሆናቸውን አስታወቁ፤ እያንዳንዱ አባል በጽሕፈት ቤቱ የግል መጸዳጃ ቤት ያለው መሆኑንም አመለከቱ። ማክብራይድ በደንቡ ባትስማማም እንደምታከብረው ገለጠች። የአባሎቹ ጽሕፈት ቤቶች ከካፒቶል ውጭ፣ ከመንገዱ ባሻገር ባሉ ሕንፃዎች የሚገኙ ናቸው፤ ስለዚህ መፍትሔ ተብሎ የቀረበው ነገር ዳግመኛ ርቀት ሆነ።

ሕጉ ከአገር አገር የሚለያይ መሆኑ አይካድም። ካሊፎርኒያ በ2016 ባወጣችው ሕግ ለአንድ ሰው የተሠሩ የሕዝብ መጸዳጃ ቤቶች ለማንኛውም ጾታ ክፍት እንዲሆኑ አዝዛለች፤ ፍሎሪዳ ግን በ2023 በመንግሥት ሕንፃዎች ውስጥ ሰው ሲወለድ ከነበረው ጾታ ውጭ ባለው መጸዳጃ ቤት እንዳይጠቀም ከልክላለች። በብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ኤፕሪል 16 ቀን 2025 በሰጠው ውሳኔ፣ በ2010ሩ የእኩልነት ሕግ ውስጥ «ሴት» የሚለው ቃል ሲወለዱ የነበረውን ጾታ የሚያመለክት ነው ብሏል። ሴትን ከሴት ለመለየት በበር ላይ የሚደረገው ጥበቃ ግን የሚይዘው ትራንስጀንደር ሴቶችን ብቻ አይደለም። ረጅም በመሆናቸው ወይም ጸጉራቸውን በማሳጠራቸው ብቻ «ወንድ ነሽ» ተብለው ከበሩ የተመለሱ፣ ሲወለዱም ሴት የነበሩ ሴቶች ሞልተዋል።

መሐንዲስ ሕግ አያወጣም፤ በሚሠራበት አገር ያለውን ሕግ ያከብራል። ነገር ግን በየትኛውም ሕግ ሥር ሊሠራው የሚችለው ነገር አለ። ከኦክቶበር 1 ቀን 2024 ጀምሮ በእንግሊዝ አገር የሚጸናው የሕንፃ ደንብ መኖሪያ ባልሆኑ አዳዲስ ሕንፃዎች ለሴትና ለወንድ የተለዩ መጸዳጃ ቤቶች እንዲሠሩ ሲያዝ፣ ከእነርሱ ጋር የራሳቸው መታጠቢያ ያላቸው፣ ሙሉ በሙሉ የተዘጉ፣ ለማንኛውም ሰው የሚሆኑ ክፍሎች እንዲጨመሩ መንገዱን ክፍት ትቷል። በአሜሪካ ብዙ ግዛቶች የሚከተሉት ዓለም አቀፍ የቧንቧ ሥራ ደንብም በ2021 እትሙ፣ መከፋፈያው ምስጢር የሚጠብቅ እስከ ሆነ ድረስ ብዙ ሰው የሚጠቀምበት የጋራ መጸዳጃ ቤት እንዲሠራ ፈቅዷል።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ምክር አጭር ነው። የሴቶች መጸዳጃ ቤት አይጥፋ፤ ቍጥሩም ከወንዶቹ ይብለጥ። የየክፍሉ ግድግዳ ከወለል እስከ ጣሪያ ይድረስ፤ መቀርቀሪያው ከውጭ የሚታይ ምልክት ይኑረው። ለአንድ ሰው የሚሆን ሙሉ ክፍል በተመሳሳይ ፎቅና በተመሳሳይ መተላለፊያ ይሠራ፤ እናት ከልጇ፣ አካለ ስንኩል ከረዳቱ፣ ሽማግሌ ከልጁ ጋር ይጠቀምበታልና ወደዚያ የሚገባ ሰው ለምን እንደ ገባ ማንም አይጠይቀውም። ግዳጅ ሳይሆን ምርጫ ይሁን። ጊዜያዊ ገደብ ማድረግ ግድ ከሆነ ደግሞ ተመልሶ የሚመረመርበት ቀን በዚያው ወረቀት ላይ ይጻፍ።

በቶኪዮ አንዲት ሠራተኛ ገደቡ አግባብ እንዳልነበረ ለማስወሰን ከ2010 እስከ 2023 አሥራ ሦስት ዓመት ፈጅቶባታል። በሌላ ሕንፃ ይህ ርቀት ገና ከንድፉ ወረቀት ላይ ሊቀነስ ይችላል፤ እርሳሱም በዚህ አዳራሽ በተቀመጡት ሰዎች እጅ ነው።